ስለ መኪና መድን ነጋዴ ሊያውቀው የሚገባ

ከወደብ የሚመጣው ዕቃ ወደ መጋዘን፥ ከመጋዘንም ወደ ሱቅ የሚደርሰው በመኪና ነው። ስለዚህ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፥ ከሳሪስ እስከ ጎፋ፥ ከመካኒሳም እስከ ለቡና ጀሞ ድረስ፥ አነስተኛ ንግድ ቤት እንኳ ቢሆን በስሙ መኪና የሌለው ወይም የሌላ ሰው መኪና የማይከራይ ጥቂት ነው። በመኪናው መስተዋት ላይ የተለጠፈችውን የመድን ምልክት እያየ «የእኔ መኪና መድን አለው» ብሎ ተማምኖ የሚኖረው ነጋዴ ብዙ ሲሆን፥ ያች ምልክት ማንን እንደምትጠብቅ፥ እስከ ምን ድረስ እንደምትጠብቅና ምን እንደማትጠብቅ ለይቶ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ልዩነት ማስረዳት ነው።

ነገሩን ከራሴ ልጀምር። እኔ በሳሪስ አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ ከውጭ አገር እያስመጣ በሚሸጥ ንግድ ቤት በጸሐፊነት የምሠራ ሰው ነኝ። የመኪኖቹን መድን በየዓመቱ ማሳደስ ከሥራዬ አንዱ ነው። በ2013 ዓ.ም. ንግድ ቤታችን አንድ አይሱዙ የጭነት መኪና ገዝቶ በ2,400,000 ብር ግምት ሙሉ መድን ገባለት። ከዚያ ወዲህ የዕድሳቱ ቀን በደረሰ ቍጥር የዓምናውን ቅጽ አውጥቼ ያንኑ ግምት እገለብጥ ነበር፤ አረቦኑ ባለመጨመሩም ንግድ ቤቱን የጠቀምሁት ይመስለኝ ነበር።

በነሐሴ ወር 2017 ዓ.ም. ይኸው መኪና ከቃሊቲ ወደ ሳሪስ ሲመለስ በዝናብ ተንሸራትቶ ከመንገድ ማካፈያው ግንብ ጋር ተጋጨ። በእግዚአብሔር ቸርነት በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም፤ የመኪናው ፊት ግን ክፉኛ ተሰበረ። የጥገናው ግምት 900,000 ብር ሆነ። እኛም «ሙሉ መድን አለን» ብለን ስንጠባበቅ፥ የሚከፈለን 450,000 ብር መሆኑን፥ ከዚያም ላይ በውሉ የተጻፈው ተቀናሽ 45,000 ብር ተነሥቶ 405,000 ብር ብቻ እንደሚሰጠን ተነገረን። የንግድ ቤቱ ባለቤት ተቈጥተው ለማነጋገር በሄዱ ጊዜ ጉዳት ገማቹ በትሕትና፥ «ጋሼ፥ ይህ መኪና ዛሬ ገበያ ላይ 4,800,000 ብር ያወጣል፤ እርስዎ አረቦን የከፈሉት ለግማሹ ነው። ለቀረው ግማሽ መድን ሰጪው ራስዎ ነዎት» አላቸው። ባለቤቱ ዘወር ብለው አዩኝ፤ የምመልሰው ቃል አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ ውሉንና ሕጉን በጥሞና አነበብሁ። የተረዳሁትንም ለባልንጀሮቼ ለነጋዴዎችና ለጸሐፊዎች ማካፈል ይገባኛል ብዬ አሰብሁ።

የመኪና ባለቤት ኃላፊነት

የመድንን ነገር ለመረዳት አስቀድሞ የመኪና ባለቤት በሕግ ፊት ምን ዕዳ እንዳለበት ማወቅ ያስፈልጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2081 እንደሚደነግገው፥ የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት፥ የራሱ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ፥ ኃላፊ ነው። መኪናውን የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም፥ ያ ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆንም፥ ባለቤቱ «እኔ አልነዳሁም» ብሎ አይድንም። ጉዳቱ በደረሰ ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደ ነበር ያስረዳ እንደ ሆነ ግን ከኃላፊነት ይድናል፤ ጉዳቱ በተጎጂው ጥፋት የደረሰ መሆኑን ያስረዳ እንደ ሆነም እንደ ጥፋቱ መጠን ዕዳው ይቀርለታል ወይም ይቀነስለታል። ሁለት መኪናዎች በተጋጩ ጊዜም፥ የአንደኛው ሾፌር ጥፋት ካልተረጋገጠ በቀር፥ ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደ ሆኑ ይቈጠራል።

የሕጉ አሳብ ግልጽ ነው፤ በመኪና የሚጠቀም ሰው መኪናው የሚያመጣውን አደጋ ይሸከም ማለት ነው። ስለዚህ ዕቃ እንዲያደርስ የላካችሁት ሾፌር በመካኒሳ መንገድ ላይ አንድ እግረኛ ቢገጭ፥ እናንተ በዚያች ሰዓት በሱቃችሁ ተቀምጣችሁ ሒሳብ ትሠሩ የነበረ ቢሆንም፥ ካሳው የሚጠየቀው ከእናንተ ነው።

ግዴታ የሆነው መድን

የመድን ሥራ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ኢምፔሪያል ኢንሹራንስ የተባለው የአገር ውስጥ ኩባንያ በ1943 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ1967 ዓ.ም. የመድን ኩባንያዎች በመንግሥት ተወርሰው በኋላ በኢትዮጵያ መድን ድርጅት ሥር ተጠቃለሉ፤ በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ደግሞ የግል ኩባንያዎች በዚህ ሥራ እንዲሠማሩ እንደ ገና ተፈቀደ። ስለ ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን በመጀመሪያ አዋጅ ቍጥር 559/2000፥ ከዚያም በእርሱ እግር የተተካው አዋጅ ቍጥር 799/2005 ሲወጡ፥ ማንኛውም ባለ መኪና ይህን መድን ሳይገባ መኪናውን በመንገድ ላይ እንዳያስነዳ ተከለከለ። ዓመታዊ ምርመራ አልፎ ቦሎ ለማግኘትም ይኸው መድን ይጠየቃል።

«ሦስተኛ ወገን» ማለት ማን ነው? የመድን ውል ሁለት ተዋዋዮች አሉት፤ እነርሱም መድን ሰጪውና መድን ገቢው ናቸው። ከሁለቱ ውጭ ሆኖ በመኪናው የሚጎዳው ሰው፥ ለምሳሌ መንገድ የሚያቋርጠው እግረኛ ወይም ታጥሩ የፈረሰበት ጎረቤት፥ ሦስተኛ ወገን ይባላል። በመስተዋት ላይ የምትለጠፈው ምልክት የምትጠብቀው ይህን ሰው ነው። የእናንተን መኪና፥ የጫናችሁትንም ዕቃ አትጠብቅም።

የዚህ መድን በጎነት ብዙ ነው። በመኪና የተጎዳ ሰው፥ የገጨው ማንም ቢሆን፥ በጤና ተቋም አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ አዋጁ ያዛል። የገጨው መኪና ሸሽቶ ያልታወቀ ወይም መድን ያልገባ ቢሆን ደግሞ፥ ለሞትና ለአካል ጉዳት የሚሆን ካሳ የሚከፈልበት የመድን ፈንድ ተቋቁሟል። መድን ያልገባው ባለ መኪና ግን ፈንዱ ስለ ከፈለለት ዕዳው አይሰረዝለትም፤ የተከፈለው ገንዘብ ተመልሶ ከእርሱ ይጠየቃል።

የዚህ ግዴታ መድን አረቦን በታሪፍ የሚወሰን ነው። ታሪፉም የመኪናውን ዓይነት፥ የመጫን ችሎታውንና የሚሠራበትን አገልግሎት ይመለከታል። ለቤት አገልግሎት የሚውል አውቶሞቢል፥ ሰው የሚያጓጉዝ ታክሲና ዕቃ የሚጭን መኪና አንድ ዓይነት አረቦን አይከፍሉም፤ ብዙ በመንገድ ላይ የሚውለውና ብዙ ሰው የሚጭነው የበለጠ አደጋ ስለሚያስከትል የበለጠ ይከፍላል።

ስለ ካሳው ጣሪያ

እዚህ ላይ አንባቢው ልብ እንዲል የምንለምነው ነገር አለ። ግዴታው መድን የሚከፍለው ካሳ ጣሪያ አለው። አዋጁ በ2005 ዓ.ም. ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት ከ5,000 ብር የማያንስ ከ40,000 ብር የማይበልጥ፥ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፥ ለንብረት ጉዳት ደግሞ እስከ 100,000 ብር ወስኖ ነበር። ይህ ልክ እንደ ዘመኑ የሚሻሻል ስለ ሆነ፥ መድን በምታሳድሱበት ቀን በሥራ ላይ ያለውን ልክ ከመድን ሰጪያችሁ በጽሑፍ መቀበል ይገባል።

ይሁን እንጂ ጣሪያው ከፍ ቢልም ዝቅ ቢልም፥ የሚገድበው የመድን ሰጪውን ዕዳ እንጂ የባለ መኪናውን ዕዳ አይደለም። ለምሳሌ ያህል፥ የእናንተ መኪና የሌላውን ሰው አዲስ አውቶሞቢል ሰብሮ ፍርድ ቤት 700,000 ብር ካሳ ቢፈርድና በዚያን ጊዜ የንብረት ጉዳት ጣሪያው 200,000 ብር ቢሆን፥ የቀረው 500,000 ብር የሚከፈለው ከንግድ ቤታችሁ ነው። የቤተ ሰብ አስተዳዳሪ የሆነ ሰው በሞተ ጊዜም፥ ይረዳቸው የነበሩት ሚስቱና ልጆቹ የሚያገኙት ካሳ በፍትሐ ብሔር ሕግ የሚመዘን ስለ ሆነ፥ ከመድኑ ጣሪያ እጅግ ሊበልጥ ይችላል። በዚህ ምክንያት ሱቁን የዘጋ፥ መጋዘኑን የሸጠ ነጋዴ ይኖራል።

መድኀኒቱ የሦስተኛ ወገን ኃላፊነትን ከግዴታው ልክ በላይ አስጨምሮ መዋዋል ነው። ለዚህ የሚጨመረው አረቦን ከሚያስወግደው አደጋ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው።

በፈቃድ የሚገባ ሙሉ መድን

የራሳችሁን መኪና የሚጠብቀው ግዴታ ያልሆነውና በልማድ «ሙሉ መድን» የሚባለው ነው። እርሱም ግጭትን፥ መገልበጥን፥ ቃጠሎንና ስርቆትን ይሸፍናል። ከዚህ ያነሰ የሚፈልግ ሰው ከግዴታው መድን ጋር ቃጠሎንና ስርቆትን ብቻ ማስጨመር ይችላል።

የሙሉ መድን አረቦን በውል የሚወሰን ስለ ሆነ ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል። ዋናው መሠረቱ ለመኪናው የተሰጠው ግምት ነው፤ ከግምቱ ላይ በመቶ ይህን ያህል ተብሎ ይታሰባል። ከዚያም የመኪናው ዕድሜ፥ የሚሠራበት አገልግሎትና ባለቤቱ ከዚህ ቀደም ያቀረበው የካሳ ጥያቄ ብዛት ይመዘናል። ያለፈውን ዓመት ያለ አደጋ ላሳለፈ ሰው ቅናሽ መስጠት የተለመደ ነው። «ተቀናሽ» የሚባለው ደግሞ ከእያንዳንዱ ጉዳት ባለ መኪናው ራሱ የሚሸከመው ድርሻ ነው። ተቀናሹ ከፍ ሲል አረቦኑ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ሁለት ኩባንያዎች ዋጋ ሲሰጧችሁ አረቦኑን ብቻ አታወዳድሩ፤ ርካሽ የመሰለው ውል ተቀናሹ ሲታይ ውድ ሆኖ ይገኛል።

የመኪናው ግምት

አሁን ወደ ጀመርነው ነገር እንመለስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስለ መድን የደነገገው ክፍል፥ ብዙዎቹ የሕጉ ክፍሎች በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ሕግ ሲተኩ፥ እርሱ ሳይሻር ቀርቷል። በዚህ ሕግ መሠረት የንብረት መድን ውል የካሳ ውል ነው፤ ይህም ማለት ባለ ንብረቱን ጉዳት ሳይደርስበት ወደ ነበረበት ይመልሰዋል እንጂ አያተርፈውም። 3,000,000 ብር የሚያወጣውን መኪና በ5,000,000 ብር ቢያስገምቱት፥ ጠፋ በተባለ ጊዜ የሚከፈለው ከእውነተኛው ዋጋ አይበልጥም፤ የተረፈው አረቦን በከንቱ ወጣ ማለት ነው።

ከዋጋው በታች ያስገመተ ግን ክፉኛ ይጎዳል። በግምቱና በእውነተኛው ዋጋ መካከል ላለው ልዩነት ባለ ንብረቱ የራሱ መድን ሰጪ ሆኖ ይቈጠራልና ከእያንዳንዱ ጉዳት ድርሻውን ይሸከማል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ጉዳቱ ከተጻፈው ግምት በታች ከሆነ ሁሉንም ይከፍሉኛል» ብሎ ነው። እንዲህ አይደለም። የእኛ ጉዳት 900,000 ብር፥ ግምቱም 2,400,000 ብር ነበር፤ ነገር ግን ግምቱ ከእውነተኛው ዋጋ ግማሽ ስለ ነበረ ግማሹ ብቻ ተከፈለን።

ሒሳቡ ይህን ይመስላል። አረቦኑ ከመቶ 2 ብር ነው እንበል። በ2,400,000 ብር ግምት 48,000 ብር፥ በ4,800,000 ብር ግምት ደግሞ 96,000 ብር ይሆናል። እንግዲህ እኔ 48,000 ብር አተረፍሁ ብዬ፥ ተቀናሹን እንኳ ሳንቈጥር፥ ንግድ ቤቱን 450,000 ብር አሳጣሁት።

ይህ ስሕተት በአሁኑ ዘመን በብዙ ቤት የሚገኝ ይመስለኛል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በዚያው ዓመት ከሐምሌ 22 ቀን ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሆኗል። አስመጪዎች እንደሚያውቁት፥ ብር በዶላር ፊት ሲዳከም የመኪናውም የመለዋወጫውም ዋጋ ይንራል። ከዚያ በፊት የተጻፈ ግምት ሳይታደስ የቆየበት መኪና ሁሉ በግማሽ ወይም ከግማሽ በታች መድን የተገባለት ሊሆን ይችላል።

ከመድኑ ውጭ የሚቀሩ ነገሮች

ሙሉ መድን ሙሉ ቢባልም የማይሸፍናቸው ነገሮች አሉ። የሚከተሉትን በተለይ ነጋዴ ሊያስብባቸው ይገባል።

1ኛ፤ በመኪናው ላይ የተጫነው ዕቃ በመኪናው መድን አይሸፈንም። ለዕቃው ራሱን የቻለ የጉዞ መድን መግባት ያሻል። በተከራየ መኪና የሚያስጭን ሰው ይልቁን ይህን አይርሳ።

2ኛ፤ ሾፌሩ፥ ረዳቱና ጫኝ አውራጁ በሥራ ላይ ሳሉ ቢጎዱ፥ ነገራቸው እንደ መንገደኛ አይታይም፤ በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ መሠረት አሠሪው ይጠየቅበታል። ለዚህ የሚሆነው የሠራተኞች ጉዳት ካሳ መድን ነው።

3ኛ፤ የመንጃ ፈቃዱ ከመኪናው ዓይነት ጋር የማይስማማ ወይም ጊዜው ያለፈበት ሾፌር ሲነዳ፥ ሾፌሩ ሰክሮ ሲገኝ፥ መኪናው ከልኩ በላይ ሲጫን፥ ለቤት አገልግሎት ተብሎ የተመዘገበ መኪና ለኪራይ ሲውል፥ መድን ሰጪው አልከፍልም ለማለት በውሉ ምክንያት ያገኛል። የመኪናው አገልግሎት ሲለወጥ ወዲያው በጽሑፍ ማስታወቅ ይገባል።

4ኛ፤ በሁከትና በብጥብጥ የሚደርስ ጉዳት በተራው ውል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አይገባም፤ ተጨማሪ አረቦን ተከፍሎ በተለይ ይጨመራል።

5ኛ፤ በአገር ውስጥ የተገባ መድን ከድንበር ውጭ አይሠራም። መኪናው በጋላፊ ወይም በደወሌ በኩል ወደ ጂቡቲ የሚሄድ ከሆነ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ ያስፈልገዋል። የዚህ ካርድ ስምምነት በ1979 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመ ሲሆን፥ በአባል አገሮች መንገድ ላይ መኪናው በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት በየአገሩ ሕግ ልክ ዋስ ይሆናል።

አደጋ በደረሰ ጊዜ

አደጋ ሲደርስ ከሁሉ አስቀድሞ የተጎዳን ሰው ወደ ሕክምና ማድረስ፥ ከዚያም ለትራፊክ ፖሊስ ማስታወቅ ይገባል። በመንገድ ዳር በሽምግልና መስማማት ባህላችን ቢሆንም፥ መድን ሰጪው ሳያውቅ ጥፋትን ማመን፥ ካሳ ለመክፈል ቃል መግባት ወይም መብትን ትቶ መፈረም መድኑን ሊያሳጣ ይችላል፤ መድን ሰጪው ለእናንተ ከከፈለ በኋላ ጥፋተኛውን የሚጠይቀው በእናንተ መብት ተተክቶ ነውና። ሾፌራችሁ ይህን አስቀድሞ እንዲያውቀው አድርጉ።

ለመድን ሰጪው የማስታወቂያ ጊዜ፥ አደጋው ከታወቀበት ቀን ጀምሮ ቢበዛ 5 ቀን እንደ ሆነ የንግድ ሕጉ ይደነግጋል። ማስታወቂያው በጽሑፍ ይሁን፤ ቅጂውም ማኅተም ተደርጎበት በፋይል ይቀመጥ። ከመድን ውል የሚነሣ ክስም በ2 ዓመት ይርጋ የሚታገድ ስለ ሆነ፥ «ነገ ይከፍሉኛል» እያሉ ጊዜን ማሳለፍ አይገባም።

በዕድሳት ቀን የሚጠየቁ

እኛ ከደረሰብን ነገር በኋላ በንግድ ቤታችን አንድ ሥርዓት አወጣን። የመድኑ ጊዜ ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው እነዚህን ጥያቄዎች በወረቀት ጽፌ ለባለቤቱ አቀርባለሁ። መኪናው ዛሬ ገበያ ላይ ስንት ያወጣል? የግዴታው መድን ጣሪያ አሁን ስንት ነው? ከእርሱ በላይ ምን ያህል እናስጨምር? ተቀናሹ ስንት ነው? የሾፌሩ መንጃ ፈቃድ እስከ መቼ ያገለግላል? መኪናው የተመዘገበበትና የሚሠራበት አገልግሎት አንድ ነው? ለዕቃውና ለሠራተኞቹ የተለየ መድን አለን? ባለቤቱ መልሱን አይተው ሳይፈርሙበት ምንም ዕድሳት አይደረግም።

በዓመቱ መካከልም የመኪና ዋጋ ድንገት የናረ እንደ ሆነ ግምቱን ከፍ ለማድረግ የዕድሳቱን ቀን መጠበቅ አያስፈልግም። ለመድን ሰጪው ደብዳቤ ጽፎ ለቀሩት ወራት ብቻ የሚደርሰውን አረቦን በመጨመር ውሉን ማሻሻል ይቻላል።

ክቡራን አንባብያን፥ አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ይህን ጋዜጣ አንብባችሁ ስትጨርሱ የመድን ውላችሁን ከመሳቢያ አውጡና የመኪናችሁን ግምት ተመልከቱ። የተጻፈው ቍጥር መኪናውን ዛሬ ለመግዛት የማይበቃ ሆኖ ካገኛችሁት፥ ነገ ጠዋት ወደ መድን ሰጪያችሁ ሂዱ።